ዕፅዋት፣ ኬሚካሎችና ኩላሊት፦ ከምዕራብ ሸዋ አንጻር የተቃኘ የታሪክ ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው አምቦ በቀድሞ ዘመን ሀገረ ሕይወት በሚል ስም ትታወቅ ነበር። ይህን ስም ያተረፈላት ከምድሯ የሚፈልቀው ውሃ ነው። በቆዳ በሽታ፣ በቁርጥማትና በሆድ ሕመም የተሠቃየ ሰው ከሩቅ ተጉዞ ይታጠብበትና ይጠጣው ነበር፤ ከ1930 ጀምሮም ውሃው በጠርሙስ እየታሸገ ለገበያ ሲቀርብ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ምዕራብ ሸዋ ግን የፈውስ ውሃ ብቻ የሚገኝበት አካባቢ አይደለም። በ1939 ዓ.ም. አምቦ ላይ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም መነሻው ይኸው ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የሰብል በሽታዎች የሚጠኑበት ላቦራቶሪ በዚያችው ከተማ ተቋቋመ። በጊንጪ፣ በጉደርና በጌዶ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካል በጀርባው አዝሎ መርጨትን ለመደ። በሆለታና በአዲስ ዓለም አካባቢ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአበባ እርሻዎች ተስፋፉ። ስለዚህ በአንድ ጤና ጣቢያ የተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ ኮሶ የጠጣ፣ ኬሚካል የረጨና ጄንታማይሲን የተወጋ ሰው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የሦስቱም ጉዳይ ከሚያርፍባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ኩላሊት ነው።

ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ በዓለም ዙሪያ አንድ የምርምር ዓይነት በእጅጉ በዝቷል። ይዘቱ በአጭሩ የአንድ ተክል ጭማቂ በኬሚካል ሊጎዳ የነበረን የአይጥ ኩላሊት መከላከሉን የሚያሳይ ነው። በአገራችን የሚገኙ የፋርማኮሎጂ ትምህርት ክፍሎችም በዚሁ ዓይነት ጥናት ተሰማርተዋል። ውጤቱ በብዙኃን መገናኛ ሲነገር ሕመምተኛው የሚረዳው ቅጠሉ ኩላሊትን ያድናል ብሎ ነው፤ አንዳንዴ የጤና ባለሙያውም እንዲሁ። ጥናቱ ከየት መጣ፣ ምን አረጋገጠ፣ ምንስ ሳያረጋግጥ ቀረ የሚለውን ለማወቅ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪኩን ማየት ይበጃል።

ኮሶና የመጠን ነገር

ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የማይቀር እንግዳ ነው። አባቶቻችን የትሉን መድኃኒት ያገኙት በደጋው ከሚበቅለው የኮሶ ዛፍ ሲሆን፣ በምዕራብ ሸዋ የኦሮምኛ ስሙ ሄጦ ይባላል። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ለመኳንንቱም ለተራው ሰውም የታወቀ ሥርዓት ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በቀጣዩ ዓመት ዛፉ ሀጌንያ የሚለውን የሳይንስ ስሙን ያገኘ ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው ካርል ሀገን ከሚባል የኮኒግስበርግ ፋርማሲስት ነው። ኮሶ በ1864 በወጣው የብሪታንያ ፋርማኮፒያ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና ወጥተው የአውሮፓ ሐኪሞች በይፋ ካዘዟቸው ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ይህ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በፋርማኮፒያው የታዘዘው መጠን በሩብና በግማሽ አውንስ መካከል ነበር። በቤት ውስጥ ግን ሚዛን የለም፤ መጠኑ በእፍኝ ነው። አበባው ትኩስ ይሁን ያረጀ፣ ከሴቴዋ ይለቀም ከወንዴው፣ ጠጪው ይክሳ ይወፍር፣ ሁሉም ልዩነት ያመጣል። በ1969 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ኮሶ ከመጠን በላይ በጠጡ ሰዎች ላይ ስለ ደረሰ የዓይን ጉዳት የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት መርዝም መሆኑ በዚህ በሕክምና ጽሑፍ ላይ ተመዘገበ። ከዓይን ሌላ ኩላሊትም ከአደጋው ነፃ አይደለም። ብርቱ ማስታወክና ተቅማጥ የሰውነትን ፈሳሽ ሲያሟጥጥ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ሲሆኑ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እንቆቆም ቀጨሞም ለዚሁ ትል የሚጠጡ ሲሆን፣ ስለ መጠን የተባለው ለእነርሱም ይሠራል።

ከ1960ዎቹ በኋላ ኒክሎሳማይድ፣ ቀጥሎም ፕራዚኳንቴል ሲመጡ ኮሶ ከከተማ ቤቶች ቀስ በቀስ ወጣ። ከገበያ ግን አልወጣም።

መድኃኒት የነበረው መርዝ

በኮሶ ታሪክ የባህል መድኃኒት መርዝ ሆኖ ተገኘ። ዘመናዊው ሕክምናም ከዚህ ያልተሻለ፣ ምናልባትም የከፋ፣ የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ በላቦራቶሪ የአይጥን ጉበትና ኩላሊት ሆን ብሎ ለመጉዳት በሰፊው የሚሠራበት ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባለው ፈሳሽ አንድ ወቅት በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ መድኃኒት ነበር። በ1921 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የጥገኛ ትሎች ተመራማሪ የነበረው ሞሪስ ሆል ፈሳሹ በውሾች ላይ የመንጠቆ ትልን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፊጂን በመሳሰሉ አገሮች በብዙ አሥር ሺሕ ለሚቆጠሩ ሰዎች ታደለ። ብዙዎቹ ትላቸው ወጥቶላቸው ዳኑ። አንዳንዶቹ ግን ሞቱ፤ በተለይ አልኮል የሚያዘወትሩ ሰዎች ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ሆል ራሱ በ1925 ቴትራክሎሮኢትሊን የተባለውን ሌላ ውሁድ ካቀረበ በኋላ የመጀመሪያው ከሕክምና እየራቀ ሄደ፤ ነገር ግን ለልብስ እጥበትና ለእሳት ማጥፊያ ሲያገለግል ቆየ። በእንፋሎቱ በተመረዙ ሠራተኞች ላይ ለሞት ያበቃው ብዙ ጊዜ የኩላሊት መድከም ነበር።

የአልኮሉ ምስጢር የተፈታው ዘግይቶ ነው። ካርቦን ቴትራክሎራይድ እንደ ተዋጠ ብዙም ጉዳት አያደርስም፤ መርዝ የሚያደርገው የጉበትና የኩላሊት ሴሎች ውስጥ የሚገኘው ሳይቶክሮም ፒ 450 የሚባል የኢንዛይም ቤተሰብ ነው። ኢንዛይሙ ውሁዱን ሲሰነጥቀው ትራይክሎሮሜትል የሚባል ነፃ ራዲካል ይፈጠራል። ነፃ ራዲካል ማለት ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የተሸከመ፣ ስለዚህም ያገኘውን ሁሉ የሚነጥቅ ሞለኪውል ነው። የሴሉን ሽፋን ቅባት ከነካው አንዱ የቅባት ሞለኪውል ሌላውን እያቃጠለ ጉዳቱ እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። አልኮል አዘውታሪ ሰው ኢንዛይሙን አብዝቶ ስለሚያመርት መርዙንም አብዝቶ ያመርታል። አረቄ በሚወደድበት አገር ለምንሠራ ሰዎች ይህ ከኬሚስትሪ መጽሐፍ የወጣ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ፓራሲታሞል አብዝቶ ሲወስድ ለብርቱ የጉበት ጉዳት የሚጋለጥበት አንዱ ምክንያት ከዚሁ ኢንዛይም ጋር የተያያዘ ነውና።

የነፃ ራዲካል አሳብ በሕክምና ውስጥ ሥር የሰደደው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። በ1954 ሬቤካ ገርሽማንና ባልደረቦቿ የጨረርና የኦክስጅን ጉዳት በአንድ መንገድ እንደሚደርስ አስረዱ፤ በ1956 ዴንሃም ሃርማን እርጅናን ከዚሁ ጋር አያያዘው፤ በ1969 ማክኮርድና ፍሪዶቪች ሰውነት ራሱን የሚከላከልበትን ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም አገኙ። ከዚህ ወዲያ ጥያቄው ቀላል ሆነ። ጉዳቱ የሚደርሰው በኦክሳይድ ቃጠሎ ከሆነ፣ ቃጠሎውን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር ጉዳቱንም አያስቀርምን? ዕፅዋት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚውሉ እንደ መሆናቸው ፌኖል፣ ፍላቮኖይድና ቫይታሚን ሲን የመሳሰሉ ፀረ ኦክሳይድ ንጥረ ነገሮችን በብዛት ያመርታሉ። እንግዲህ በአንድ በኩል የታወቀ መርዝ፣ በሌላ በኩል ተስፋ የተጣለበት ቅጠል አለ፤ በመካከል አይጥ ገባች።

ከካርቦን ቴትራክሎራይድ ወደ ጄንታማይሲን

ኩላሊት ከሰውነት ክብደት አንድ በመቶ ሳይሞላ ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይቀበላል። ያጣራውን ፈሳሽ አብዛኛውን መልሶ ሲመጥ በደም ውስጥ ቀጭን የነበረው ኬሚካል በቱቦዎቹ ውስጥ ይወፍራል። ስለዚህ ሌላውን አካል ሳይነካ የሚያልፍ መጠን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ለአምቦ፣ ለጌዶም ሆነ ለባኮ ሐኪም ከካርቦን ቴትራክሎራይድ ይልቅ የሚቀርበው ጄንታማይሲን ነው። መድኃኒቱ በ1963 ማይክሮሞኖስፖራ ከሚባል የአፈር ባክቴሪያ ተገኘ። ርካሽ፣ ጠንካራና ለብዙ ተሕዋስያን የሚሆን በመሆኑ በአገራችን ከሪፈራል ሆስፒታል አልፎ፣ ከ2013 ጀምሮ በተዘረጋው የጨቅላ ሕፃናት ማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤ አማካይነት እስከ ጤና ኬላ ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የያዘችው ይህ መርፌ የስንቱን ጨቅላ ሕይወት እንዳተረፈ መርሳት አይገባም። ነገር ግን መድኃኒቱ ፕሮክሲማል ቱቡል በሚባለው የኔፍሮን ክፍል ሜጋሊን በተባለ ተቀባይ አማካይነት ወደ ሴሎች ይገባና ይከማቻል። በሴሎቹ ሊሶሶምና ማይቶኮንድሪያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነፃ ራዲካል ያመነጫል። ለብዙ ቀናት ከሚታከሙ ሰዎች ከአሥር እስከ ሃያ አምስት በመቶ በሚሆኑት ላይ የኩላሊት ሥራ መቀነስ እንደሚታይ ተመዝግቧል። ሽንት ላይቀንስ ስለሚችል ክሪያቲኒን ካልተለካ ጉዳቱ ሳይታወቅ ያልፋል።

በ1988 ዎከርና ሻህ የሚባሉ ተመራማሪዎች ነፃ ራዲካልን የሚይዙ ኬሚካሎች ጄንታማይሲን የተሰጣቸውን አይጦች ኩላሊት እንደጠበቁ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የሆነው በግልጽ የሚታይ ነው። ኬሚካሉን በተክል ጭማቂ መተካት ቀላል ስለ ነበር በየአገሩ የሚገኝ ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ ሁሉ ተራ በተራ ተፈተሸ። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ቤት የቀረበው ጥቁር አዝሙድ ነው። የግብፅና የዓረብ አገር ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብዛት አጥንተውታል። በ1997 ከጥቁር አዝሙድ የሚገኘው ቲሞኪኖን ሲስፕላቲን በተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚደርሰውን የኩላሊት ጉዳት በአይጦች ላይ እንደሚያቃልል ታተመ፤ በ2004 ደግሞ ዘይቱ በጄንታማይሲን ጉዳት ላይ ተመሳሳይ ውጤት ማሳየቱ ተገለጸ። በእኛም አገር ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ የባህል መድኃኒትን የሚከታተል ጽሕፈት ቤት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ተቋቁሞ ነበር። በኋላም የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሽፈራው የሚባለውን የሞሪንጋ ቅጠል ጨምሮ የብዙ ዕፅዋትን ደኅንነትና ጥቅም በአይጥ ላይ ሲመረምሩ ቆይተዋል።

እነዚህን ጥናቶች ማናናቅ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ብዙዎቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ክሪያቲኒንና ዩሪያ ይለካሉ፣ ማሎንዲያልዲሃይድና ግሉታቲዮን ይለካሉ፣ የኩላሊቱ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥያቄው ያለው በስሌቱ ላይ ነው። በአይጥ ላይ ጉዳት ለማድረስ የሚሰጠው ጄንታማይሲን አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ግራም ከ80 እስከ 100 ሚሊ ግራም በቀን ነው፤ ለአዋቂ ሰው የምናዝዘው 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በሰውነት ቆዳ ስፋት በሚሰላው መለወጫ የአይጡ መጠን በስድስት ያህል ሲካፈል እንኳ ከሰው መጠን ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የተክሉ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የተለመደው የጭማቂ መጠን 400 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው ብንል፣ በዚሁ መለወጫ ለ60 ኪሎ ሰው አራት ግራም ያህል ደረቅ ጭማቂ ይመጣል። ከመቶ ግራም ደረቅ ቅጠል አሥር ግራም ጭማቂ ቢገኝ ሰውየው በየቀኑ 40 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልገዋል፤ ያውም የጥናቱ ጭማቂ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሜታኖል እንጂ በጀበና በሚፈላ ውሃ አይደለም። በበርበሬና በዳቦ ላይ የሚገባው ጥቁር አዝሙድ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ልዩነት ጊዜ ነው። በአብዛኞቹ ሙከራዎች ቅጠሉ የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ወይም አብሮ ነው። አይጧም ወጣት፣ ጤነኛና ውሃ የጠገበች ናት። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ግን ትኩሳት ያለበት፣ ፈሳሽ ያጣ፣ ምናልባት ለወገቡ ሕመም ዳይክሎፌናክ ሲወጋ የሰነበተ ሽማግሌ ነው፤ ጉዳቱም ከደረሰ ቀናት አልፈዋል።

በሰው ላይ ሲሞከር

ፀረ ኦክሳይድ ሕክምና በሰው ኩላሊት ላይ በሰፊው የተፈተነው ለራጅ ምርመራ በደም ሥር በሚሰጠው አዮዲን አዘል ፈሳሽ ምክንያት በሚደርሰው ጉዳት ነው። በ2000 በጀርመን 83 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አሲቲልሲስቲን የተባለው መድኃኒት ጉዳቱን ከ21 በመቶ ወደ 2 በመቶ እንዳወረደው አስታወቀ። ዓለም ሁሉ ተቀበለው፤ ርካሽና ጉዳት የሌለው መሆኑም ረዳው። በ2004 ደግሞ 119 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ሶዲየም ባይካርቦኔት ከተራው የጨው ፈሳሽ የተሻለ እንደሚከላከል ገለጸ። ሁለቱም ለዓመታት በመመሪያዎች ውስጥ ቆዩ። በመጨረሻ 5,000 የሚጠጉ ሕመምተኞችን ያካተተ ትልቅ ጥናት በ2018 ታተመ። አሲቲልሲስቲንም ባይካርቦኔቱም ምንም የተለየ ጥቅም አላሳዩም።

እዚህ ላይ ስለ አምቦ ውሃ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ውሃው በባይካርቦኔት የበለጸገ በመሆኑ ኩላሊት ያጥባል የሚል አስተያየት በየቦታው ይሰማል። የምግብ አለመፈጨት ስሜትን ማስታገሱ ከባይካርቦኔቱ ጠባይ ጋር ይስማማል። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ግን ባይካርቦኔት በደም ሥር ተሰጥቶ እንኳ በዚያ ጉዳት ላይ ኩላሊትን ከተራ የጨው ፈሳሽ የበለጠ እንዳልጠበቀ አሳይቷል። ውሃው ሶዲየምም ስላለው የደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በቀን ስንት ጠርሙስ እንደሚጠጣ መጠየቅ አለበት። የሀገረ ሕይወትን ስም ማክበር ይህን ከመጠየቅ አያግድም።

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከወይራ ነው። በጊንጪ አጠገብ ባለው የጭልሞ ደን ከጥድና ከዝግባ ጋር የሚበቅለው ወይራ፣ በኦሮምኛ ኤጀርሳ፣ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠንበት፣ መፋቂያም የሚሆን ዛፍ ነው። በወይራ ቅጠልና በሌሎች ብዙ ዕፅዋት ውስጥ ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ኬሚስቶች ይህን ንጥረ ነገር መነሻ አድርገው ባርዶክሶሎን ሜትል የተባለ መድኃኒት ሠሩ። መድኃኒቱ ሴሎች የራሳቸውን ፀረ ኦክሳይድ ኢንዛይሞች እንዲያመርቱ የሚያዝዘውን መቀስቀሻ ስለሚያነቃ የዘርፉ ሁሉ ተስፋ በእርሱ ላይ ተጥሎ ነበር። የስኳር በሽታና የከፋ የኩላሊት ድካም ባለባቸው 2,185 ሰዎች ላይ ተሞከረ። በደም ምርመራ የሚሰላው የኩላሊት ማጣሪያ ቁጥር በእርግጥ ተሻሻለ። ነገር ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የልብ ድካም ስለ በዛ ጥናቱ በጥቅምት 2012 ተቋረጠ። ለጸሐፊው ይህ ከሁሉ የላቀ ትምህርት ያለው ምዕራፍ ነው። በአይጥ ላይ እንደ ስኬት የምንቆጥረው የክሪያቲኒን መቀነስ በሰው ላይም ታይቶ ነበር፤ ሕመምተኛው ግን አልተጠቀመም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ደግሞ ቤልጅየም አሳየች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ለክብደት መቀነሻ የቻይና ዕፅዋት የታዘዘላቸው ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት ደከመ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ተጎዱ። ምክንያቱ ሲመረመር ስቴፋንያ በሚባለው ተክል ምትክ አሪስቶሎኪያ የሚባል ሌላ ተክል መግባቱ ታወቀ፤ የሁለቱ የቻይንኛ ስም ይቀራረባል። በ2000 በወጣ ጥናት እንደ ታየው ከነዚሁ ሴቶች ብዙዎቹ የሽንት መንገድ ካንሰር ያዛቸው። አንዱ ተክል በአማርኛና በኦሮምኛ ሁለትና ሦስት ስም በሚጠራበት፣ አንዳንዴም አንድ ስም ለሁለት ተክል በሚሰጥበት አገር ይህ ስሕተት የቻይና ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ስለ እርሻ ኬሚካሎች አንድ ቃል ልጨምር። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረም በሰውነት ውስጥ ኦክሳይድ ቃጠሎን በቀጥታ በማስነሣት ኩላሊትንና ሳንባን ያበላሻል፤ ለፀረ ኦክሳይድ ሕክምና ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ሊኖር አይችልም ነበር። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢና አሲቲልሲስቲን ሁሉም ተሞክረዋል፤ ሞትን እንደሚቀንሱ የተረጋገጠ አንድም የለም። ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በየመጋዘኑ ተከማችተው ስለ ነበር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ሺሕ ቶን በላይ ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል መደረጉ ይታወሳል። ሰዎች ባዶውን የኬሚካል ጄሪካን አጥበው ውሃ መቅዳታቸው ግን በዚያ አልቆመም።

በአልጋው አጠገብ

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በሰው ላይ ኩላሊትን ከኬሚካል በእርግጥ የጠበቁት ነገሮች ብዙም የሚያስደንቁ አይደሉም። የሲስፕላቲን የኩላሊት ጉዳት የቀነሰው በ1970ዎቹ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ብዙ የጨው ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ሲጀመር ነው። የጄንታማይሲን ጉዳት የቀነሰው መጠኑን በቀን አንድ ጊዜ በመስጠት፣ ቀኑን በማሳጠርና ክሪያቲኒን በመለካት ነው። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ሰው መግደል የቀነሰው ከመድኃኒት ቤትና ከልብስ ማጠቢያ ሲወጣ ነው። ኩላሊቱ አንዴ ከደከመ ደግሞ ምርጫው ጠባብ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከገጠር ለሚመጣ ገበሬ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደረግ እጥበት ቤት የሚያስፈታ ወጪ ነው።

ስለዚህ የሕመም ታሪክ ሲወሰድ የሚጠየቀው ጥያቄ ክብደት አለው። ሕመምተኛውን የባህል መድኃኒት ወስደዋል ወይ ብሎ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የለም የሚል መልስ ያመጣል፤ ሰው መወቀስን ይፈራልና፣ ደግሞም ኮሶን ወይም ጥቁር አዝሙድን መድኃኒት ብሎ ላይቆጥር ይችላል። እማማ፣ ለሆድዎ ምን ጠጡ? ሄጦ ነው ወይስ እንቆቆ? ማን ወቀጠልዎት? ስንት እፍኝ፣ ስንት ቀን? ከዚያ ወዲህ ሽንትዎ እንዴት ነው? ብሎ በስሙ የጠየቀ የተሻለ መልስ ያገኛል። በካርዱ ላይም የባህል መድኃኒት ወስዳለች የሚል ነጠላ መስመር ለቀጣዩ ሐኪም ጥቅም የለውም። የተክሉ ስም በአማርኛና በኦሮምኛ፣ የተወሰደው ክፍል ቅጠል ይሁን ሥር ወይም አበባ፣ መጠኑ፣ የተጠጣበት ቀንና በዚያው ሳምንት የተወጋችው መርፌ አብረው ቢጻፉ፣ ቢቻል ደግሞ ከተረፈው ጥቂት በወረቀት ተጠቅልሎ ከካርዱ ጋር ቢቀመጥ፣ ተክሉን የሚለይ ባለሙያ ሲገኝ ጉዳዩ ይጣራል።